ጋሼ ያዩት ክራይፍ

ክርክሩ የተነሳው ቡና ላይ ነው። ቅዳሜ ረፋድ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት ጠበብ ያለች የሐበሻ ካፌ ውስጥ። ቴሌቪዥኑ የእንግሊዝ ጨዋታ ያሳያል፣ እኛ ግን ወሬ ይዘናል። አንዱ ልጅ ጥያቄ ጣለ። «በዚህ ከተማ ማልያ ለብሰው ከተጫወቱት ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?»

ወጣቶቹ ሳያመነቱ «ሩኒ!» አሉ። አልፈርድባቸውም። ዌይን ሩኒ በ2018 ነሐሴ፣ የከተማችን ክለብ ዲሲ ዩናይትድ ከኦርላንዶ ሲቲ ሲጫወት የሠራውን ያየ አይረሳም። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፤ የዲሲ ዩናይትድ ጎል ባዶ ሆኗል። ሩኒ ከኋላ ሮጦ ደርሶ ኳሷን ነጠቀ። ተነሳ፣ ቀና ብሎ አየ፣ ከሩቅ አሻገራት፣ አኮስታ በጭንቅላቱ አገባት። እኔ ደግሞ ማርኮ ኤቼቬሪን ጠራሁ። ጸጉረ ረጅሙ ቦሊቪያዊ፣ በ1996 የዛሬውን የአሜሪካ ሊግ፣ የኤምኤልኤስን የመጀመሪያ ዋንጫ ወደዚህ ከተማ ያመጣው 10 ቁጥር።

ከጥግ የተቀመጡት ጋሼ ሁሉንም ሲሰሙ ቆዩ። ሲኒያቸውን አስቀመጡና አንድ ቃል ተናገሩ።

«ክራይፍ።»

ሳቅን። አንዱ «ጋሼ፣ ክራይፍ እኮ የባርሴሎና ነው» አላቸው። እሳቸው አልሳቁም። «እዚሁ ተጫውቷል። አርኤፍኬ። በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ፈለግኩ። እውነታቸውን ነው። ዮሃን ክራይፍ በ1980 አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት፣ በ1981 ደግሞ ጥቂት ጨዋታዎች ለዋሽንግተን ዲፕሎማትስ ተጫውቷል። ለኳስ እንግዳ አይደለሁም፣ በዚህች ከተማም ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ያንን ስታዲየም በመኪና ስንቴ እንዳለፍኩት አልቆጥረውም። ግን የዚያ ክለብ ስም በጆሮዬ ገብቶ አያውቅም ነበር። በማግስቱ ጋሼ ጋ ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅኩ። ቃልም ገባሁ፦ የክለቡን ታሪክ አንብቤ፣ የምንጊዜም ምርጥ 11 አውጥቼ አመጣልዎታለሁ። «አምጣና እናያለን» አሉኝ።

ይኼ ጽሑፍ የዚያ ቃል ውጤት ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ክለቡ የተወለደው በ1974 ነው። ሰው ባጭሩ ዲፕስ ይለዋል። የሚጫወተው በሰሜን አሜሪካ እግር ኳስ ሊግ ነበር፤ ኮስሞስን የወለደው፣ ፔሌን ያመጣው ሊግ ማለት ነው። ሜዳው አርኤፍኬ ስታዲየም። ሁልጊዜ ግን አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዳንዱን ጨዋታ በፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ፣ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ አድርጓል። ዛሬ ብዙ የኛ ሰው ልጆቹን ኳስ ጨዋታ ይዞ የሚሄደው እንደዚያ ዓይነት ሜዳ ላይ ነው። ያ ባለ ብረት ወንበር ሜዳ አንድ ጊዜ የፕሮፌሽናል ክለብ ቤት ነበር ሲባል፣ ሊጉ ምን ያህል በልጅ እግሩ እንደነበረ ይገባችኋል።

ከዲፕስ በፊት በከተማው ኳስ አልነበረም ማለት ግን ስህተት ነው። ዋሽንግተን ዳርትስ የሚባል ቡድን ነበር። የሚጫወተው ብሩክላንድ ሰፈር፣ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ። በ1970 እዚሁ ሊግ ውስጥ ገብቶ ለፍጻሜ ደርሷል። የዳርትስ በረኛ ሊንከን ፊሊፕስ ከትሪኒዳድ የመጣ ሰው ነው። አሠልጣኝም ሆኖ ሠርቷል። በኋላ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ይዞ በ1971 የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን አደረገው። ያንን ዋንጫ በተጫዋቾች ብቁነት ሰበብ ነጠቋቸው። በ1974 ተመልሰው መጡ፣ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ እንደገና ወሰዱት። የካሪቢያንና የአፍሪካ ልጆች ነበሩ። ሃዋርድ ማለት እኮ ከናይንዝ ስትሪት ምግብ ቤቶቻችን በእግር የሚደረስበት ነው። ይህን ታሪክ ሳነብ ቅር አለኝ። ስንት ጊዜ በዚያ በር አልፌ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ምን እንደተሠራ አላውቅም ነበር።

ከዳርትስ ወደ ዲፕስ ድልድይ የሆነው ሌላው የትሪኒዳድ ሰው፣ ሌሮይ ዴሊዮን ነው። ሁለቱንም ማልያ ለብሷል። ኳስ እግሩ ላይ የምትለጠፍለት ዓይነት ተጫዋች ነበር ይላሉ ያዩት። ምርጥ 11 ውስጥ መጀመሪያ የጻፍኩት ስም የሱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሰው ሳይኖር፣ ካሜራ ሳይኖር፣ ትልቅ ስም ሳይመጣ እዚህ ነበር።

ዲፕስ ሲጀምር ደካማ ነበር። በ1975 ሰኔ 29 ፔሌ ከአዲሱ ክለቡ፣ ከኒውዮርኩ ኮስሞስ ጋር ወደ አርኤፍኬ መጣ። 35,620 ሰው ገባ። ለሊጉ በዚያ ጊዜ ተሰምቶ የማይታወቅ ቁጥር ነው። ኮስሞስ 9 ለ 2 አሸነፈ፣ ፔሌ ራሱ ሁለት አገባ። ቤትህ መጥቶ ዘጠኝ የሚያገባብህ እንግዳ ያማል። ነገር ግን ያ ቀን ለከተማው አንድ ነገር አሳየ። ሰው ይመጣል። የሚታይ ነገር ካለ ሰው ይመጣል። (ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ በ1994 የዓለም ዋንጫ የሳዑዲው ሰዒድ አል ኦዋይራን የቤልጂየምን ተከላካይ ሁሉ አልፎ ያስቆጠራት ያቺ ጎልም እዚሁ አርኤፍኬ፣ ሰኔ 29 ቀን ነው የገባችው። ያ ሜዳ ሰኔ 29ን ይወዳት ነበር መሰል።)

የክለቡ ነገር የተለወጠው ጎርደን ብራድሊ ሲመጣ ነው። እንግሊዛዊ ነው፣ ቀደም ሲል የኮስሞስ አሠልጣኝ የነበረ። በ1978 ዲፕስን ያዘ። አብረውት የመጡት፣ ከሱ በፊትም የነበሩት፣ አብዛኞቹ ከብሪታንያ ናቸው። ጠንካራ ሰዎች። ኳስ በረጅሙ የሚልኩ፣ በአየር የሚታገሉ፣ ጭቃ የማይፈሩ። በረኛው ቢል ኢርዊን ከካርዲፍ የመጣ የሰሜን አየርላንድ ሰው ነው። ተከላካዩ ጂም ስቲል ስኮትላንዳዊ ነው፤ በ1976 ሳውዝሃምፕተን ማንችስተር ዩናይትድን ረትቶ የኤፍኤ ዋንጫን ሲወስድ ሜዳ ላይ ነበር። ማይክ ዲሎን ነበረ። ከካናዳ ቦብ ያሩሲ፣ ከአሜሪካ ዶን ድሮጅ መጡ። ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ የወጣው ኬን ሞክጎጆዋም በዚህ ማልያ ተጫውቷል።

በ1978 ደግሞ አንድ ደች አማካይ ለአጭር ጊዜ በውሰት መጣ። ስሙ ጉስ ሂዲንክ። አዎ፣ ያ ሂዲንክ። በ2002 ደቡብ ኮሪያን ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ያደረሰው። ጋሼ «እሱን አላየሁትም» አሉኝ። ያኔ ገና መምጣታቸው ነበር። ቀን ትምህርት፣ ማታ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር። ለኳስ ጊዜ አልነበራቸውም።

ከሁሉም በላይ ግን መጥራት የምፈልገው አለን ግሪን ነው። ከኮቬንትሪ የመጣ አጥቂ። በፖስተር የሚለጠፍ ስም አልነበረውም። ሥራው ጎል ማግባት ነው፣ ያገባል። በ1980 ብቻ 25 ጎል አስቆጥሯል። በኋላ የአሜሪካ ዜጋ ሆኖ በ1984 ለአገሪቱ ብሔራዊ ቡድን አንድ ጊዜ ተሰልፏል። አንዲት ጨዋታ ብቻ። ይህች አንዲት ጨዋታ ለምን እንደነካችኝ ለማስረዳት ይከብደኛል። ሰው አገሩን ጥሎ መጥቶ፣ እዚህ ላቡን አፍስሶ፣ በስተመጨረሻ የአዲሱን አገር ማልያ አንድ ቀን ለበሰ። እኛ ሰፈር ይህን ታሪክ የማያውቅ ቤት የለም፣ ማልያው ይለያይ እንጂ።

አሁን ወደ ክራይፍ።

ክራይፍ አሜሪካ የመጣው በፍቅር አይደለም፣ በችግር ነው። በ1978 ባርሴሎናን ለቆ ጫማ ሰቅሎ ነበር። ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ኮከብ፣ ከአያክስ ጋር ሦስት ተከታታይ የአውሮፓ ዋንጫ፣ የ1974 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። ሁሉንም ጨርሶ በ31 ዓመቱ አቆመ። ከዚያ ገንዘቡን የሚያስተዳድርለትን ሰው አምኖ የአሳማ እርባታ ውስጥ ገባ፣ ከሰረም። ብዙ ነገር አጣ። መልሶ ጫማ ያስለበሰው ይኼ ነው። በ1979 ሎስ አንጀለስ አዝቴክስ ገባ። የሚያሠለጥነው የድሮ አሠልጣኙ ሪኑስ ሚሼልስ ነበር። እዚያ የሊጉ ኮከብ ተባለ። በዚያው ዓመት በጥሎ ማለፉ ማንን ከመጀመሪያው ዙር አባረረ? ዲፕስን!

ያኔ የዲፕስ ባለቤት ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ነበር፤ የኒውዮርኩ ኩባንያ፣ የቅርጫት ኳሱ ቡድን የኒክስ ባለቤት። ያባረረንን ሰው እንግዛው አሉ። ገዙት። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ወጣ። ክራይፍ ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ 32 ዓመቱ ነበር። ከሱ ጋር ዊም ያንሰን መጣ፤ የፌይኖርድ ልጅ፣ በ1974ም በ1978ም የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተጫወተ አማካይ። ይህ ያንሰን በኋላ በ1998 ሴልቲክን አሠልጥኖ ሬንጀርስ አሥረኛውን ተከታታይ ዋንጫ እንዳይወስድ የከለከለው ሰው ነው። ግላስጎው ዛሬም ስሙን በክብር ትጠራለች።

ክራይፍና ዲፕስ ግን ቶሎ አልተግባቡም። አስቡት። እነዚያ ብሪታንያውያን ኳሷን በረጅሙ ይልካሉ። እሱ ኳሷ መሬት ላይ እንድትሄድ ይፈልጋል። እነሱ ይሮጣሉ። እሱ ቆሞ በእጁ ይጠቁማል፣ ያወራል፣ ይቆጣል። ስለዚያ ዓመት ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። አሠልጣኝ ብራድሊ ሰሌዳ ላይ ታክቲኩን ጽፎ አስረድቶ ሲወጣ፣ ክራይፍ ተነስቶ ሰሌዳውን አጠፋው፣ እንደዚያ አንጫወትም አላቸው ይባላል። ሰው ይህን እንደ ቀልድ ያወራዋል። እኔ ሳነበው ለብራድሊ አዘንኩ። ያ ሰው የአሜሪካን ኳስ ከመሠረት ጀምሮ ከገነቡት አንዱ ነው። ሊጉ ከሞተ በኋላ እንኳ አልሸሸም። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ እዚሁ ፌርፋክስ፣ ለብዙ ዓመት ተማሪዎችን አሠለጠነ። ሊቅ ነኝ ያለው ሄደ፣ እሱ ግን ቀረ።

ጋሼ በዚህ አይስማሙም። «ሊቅ ሊቅ ነው» ይላሉ። «ቤተ ክርስቲያን የሚዘምር ሰው ድምፁ ሲያምር ጠባዩን ማን ይጠይቃል?» መልስ አልነበረኝም።

እሳቸው ያዩት ጨዋታ በ1980 ሰኔ 1 የተደረገው ነው። ዲፕስ ከኮስሞስ። 53,351 ሰው ገባ። በክለቡ ታሪክ ትልቁ ነው። የኮስሞስ ዋና አጥቂ በዚያ ዘመን ጆርጆ ኪናልያ ነው፤ በሊጉ ታሪክ እንደሱ ጎል ያስቆጠረ የለም። ጋሼ ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ሄዱ። ሦስት የሐበሻ ልጆች፣ ከአንድ ኬንያዊ ጋር። ትኬቱን የገዙት በጉርሻ ገንዘብ ነው፤ መኪና አቁመው ከሚያገኙት ሳንቲም።

«ጎሎቹን በደንብ አላስታውስም» አሉኝ። «የማስታውሰው ሌላ ነው። መቀመጫው ይነቃነቅ ነበር። ሰው ሲዘል ብረቱ ከታች ይዘላል። እኔ ካታንጋ ነው ትዝ ያለኝ።»

ጋሼ ልጅ ሆነው በ1976 የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ላይ ሲደረግ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ተቀምጠው አይተዋል። ካታንጋን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፦ ጥላ የሌለው፣ ድምፅ የማይቋረጥበት፣ ደሃው ደጋፊ የሚነግሥበት ወገን። አርኤፍኬም አንድ ወገኑ እንዲሁ ነበር። የታችኛው መቀመጫ ተንቀሳቃሽ ነው፤ ለቤዝቦልና ለአሜሪካ ፉትቦል ሜዳውን ለማስተካከል ሲባል እንዲገፋ ሆኖ የተሠራ። ስለዚህ ደጋፊ ሲዘል አብሮ ይዘላል። በኋላ የዲሲ ዩናይትድ ደጋፊዎች ያንን ጎን ከበሮ ይዘው ዓለም እንዲያውቀው አደረጉት። ጋሼ ግን ከነሱ በፊት፣ ገና በ21 ዓመታቸው፣ ካገራቸው ከወጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን እንዳልሆኑ የተሰማቸው እዚያ ብረት ላይ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ትንሽ ተለወጠ።

«ክራይፍስ?» አልኳቸው።

«ክራይፍ አይሮጥም» አሉ። «ቆሞ ያያል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይነሳል። ሲነሳ ሌላው ሰው ሁሉ የቆመ ይመስላል።»

ያንን መነሳት ዛሬም ማየት ይቻላል። በዚያው ዓመት በሲያትል ቡድን ላይ ያስቆጠራት ጎል ቪዲዮዋ አለ። ጥራቱ ደካማ ነው፣ ቀለሙ ደብዝዟል። ክራይፍ ኳሷን ይዞ ይሄዳል፣ አንዱን ያልፋል፣ ሌላውን ያልፋል፣ ከዚያ ይመታታል። ሃያ ጊዜ ሳላያት አልቀረሁም። በዚያ የውድድር ዓመት 10 ጎል አገባ፣ 20 ኳስ ለጎል አቀበለ። በነገራችን ላይ ያ ሊግ ለአንድ ጎል ሁለት አቀባይ ይመዘግብ ነበር፣ እንደ በረዶ ሆኪ። ቢሆንም 20 ብዙ ነው።

ስለ ሊጉ ሕግ ትንሽ ልበል፣ ጋሼ ካልጻፍከው አላነብም ብለውኛል። በዚያ ሊግ አቻ የሚባል የለም። ጨዋታው በእኩል ካለቀና ጭማሪውም ካልለየው፣ ተጫዋቹ ከጎሉ 35 ያርድ ርቆ ኳሷን ይዞ ይቆማል። ፊሽካ ሲነፋ አምስት ሰከንድ አለው። በረኛው ወጥቶ ሊገጥመው ይችላል። አንድ ለአንድ ነው፣ አብዶም ይሁን ምት። ጋሼ «ከፍጹም ቅጣት ምት ይሻላል፣ በረኛውም ዕድል አለው» ይላሉ። ሳስበው ልክ ናቸው። ክለብም ሲያሸንፍ 6 ነጥብ ያገኛል፣ በላዩ ላይ ለሚያስቆጥረው ለእያንዳንዱ ጎል እስከ ሦስት ድረስ አንዳንድ ነጥብ ይጨመርለታል። የፈረንጅ ጋዜጠኛ ይህን ሁሉ ሲንቅ ኖሯል። እኔ ግን ሰው ጎል እንዲፈልግ የሚያደርግ ሕግ አልጠላም።

ስለ ክራይፍ የዋሽንግተን ቆይታ ብዙዎች የማይጠቅሱትን አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ሳለ ከዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር ጋር ተዋወቀ። ስፔሻል ኦሊምፒክስን የመሠረተችው ሴት ናት፣ ስታዲየሙ በስሙ የሚጠራው የሮበርት ኬኔዲ እህት። ክራይፍ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች ጋር ኳስ መጫወት የጀመረው በዚያ ዘመን ነው። ያ ነገር ከልቡ አልወጣም። በ1997 በስሙ የሚጠራውን ፋውንዴሽን ሲያቋቁም ለነዚህ ልጆች ቅድሚያ ሰጠ። ዛሬ በብዙ አገር የሱ ትናንሽ ሜዳዎች አሉ። የዚያ ዘር የተዘራው እዚህ ከተማ ነው። ለብራድሊ ያዘንኩትን ያህል፣ ይህን ሳነብ ለክራይፍ ያለኝ ነገር ተለወጠ።

ዲፕስ በ1980 በአማካይ ወደ 19 ሺህ ሰው ያስገባ ነበር። ለአሜሪካ ኳስ መጥፎ አይደለም። ግን 17 አሸንፎ 15 ተሸነፈ፣ በጥሎ ማለፉም እንደገና ሎስ አንጀለስ አባረረው። በዕድሜው ሁሉ ከመጀመሪያው ዙር አልፎ አያውቅም። ወጪው ደግሞ ከገቢው በእጅጉ በለጠ። ባለቤቶቹ ሒሳቡን አዩና የውድድር ዓመቱ እንዳለቀ ዘጉት። በቃ። ከ53 ሺህ ሰው ጩኸት በኋላ ዓመት እንኳ ሳይሞላ።

እዚህ ላይ ንዴቴን አልደብቅም። ባለቤቱ የኒውዮርክ ኩባንያ ነው። ኮከቡ የአምስተርዳም ሰው ነው። ተከላካዩ ከስኮትላንድ፣ በረኛው ከካርዲፍ። እነዚህ ሰዎች ጥፋተኛ አይደሉም፣ እንጀራቸውን ነው የበሉት። ግን ክለቡ ሲታመም አልጋው አጠገብ የሚቀመጥ ዘመድ አልነበረውም። ለዚህ ነው ሶኒ አስኪውን የምወደው። ሶኒ የባልቲሞር ልጅ ነው፣ መኪና ይዘህ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የምትደርስበት ከተማ። አማካይ ነው። ሂዲንክ ሲመጣም ሲሄድም፣ ክራይፍ ሲመጣም ሲሄድም እዚያው ነበር። ምርጥ 11 ውስጥ መሀል ሜዳ ላይ ከያንሰን ጎን አስቀመጥኩት፣ ማንም አያስነሳውም።

ስሙ ግን ወዲያው አልሞተም። በ1981 የዲትሮይት ኤክስፕረስ ክለብ ባለቤቶች፣ ከነሱም አንዱ እንግሊዛዊው ጂሚ ሂል፣ ቡድናቸውን ነቅለው ወደ ዋሽንግተን አመጡትና ዲፕሎማትስ አሉት። ክራይፍ ከስፔኑ ሌቫንቴ ተመልሶ አምስት ጨዋታ ተጫወተ። ግሪን ግን አልነበረም፣ ጃክሰንቪል ሄዷል። ሰው በብዛት አልመጣም። ወቅቱ ሲያልቅ ይኼኛውም ተዘጋ። ክራይፍ በዚያው ታኅሣሥ ወደ አያክስ ተመለሰ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ በረኛውን በላዩ አሳልፎ አገባ። ዋሽንግተን ያደከመው የመሰላቸው አፈሩ።

በ1983 ሊጉ አንድ ሌላ ነገር ሞከረ። ቲም አሜሪካ ብለው ብሔራዊ ቡድኑን እንደ ክለብ አርኤፍኬ አስቀመጡት። 10 አሸንፎ 20 ተሸነፈ፣ መጨረሻ ወጣ፣ በዓመቱ ፈረሰ። ሊጉ ራሱ የመጨረሻውን ውድድር ያደረገው በ1984 ነው።

በዚያው 1984 ደግሞ ሂዩስተን ላይ ጥቂት የኢትዮጵያውያን ቡድኖች ተሰብስበው ኳስ ተጫወቱ። ዛሬ በየዓመቱ የጁላይ 4 በዓል በሚውልበት ሳምንት ሺዎችን የሚያሰባስበው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የተጀመረው እንደዚያ ነው። የባለሚሊዮኖቹ ሊግ ለመጨረሻ ጊዜ በተጫወተበት ዓመት፣ ፓርኪንግና ታክሲ የሚሠሩ ልጆች ከኪሳቸው አዋጥተው የጀመሩት ከ40 ዓመት በላይ ቆመ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ብዙ አልተገረሙም። «እኛ ምን ሠራተኛ ቀጠርን? ኳሱን ራሳችን ነው የገዛነው» አሉ።

ባለፈው ወር አርኤፍኬን ለማየት አብረን ሄድን። በ1961 የተከፈተው ስታዲየም ዋና መዋቅሩ መፍረስ የጀመረው በ2025 መጀመሪያ ነው። ከሜትሮው ጣቢያ ወጥተን በአጥሩ ዳር ሄድን። ያ በሩቅ ሲታይ ማዕበል የሚመስለው ጣሪያ የለም። ጋሼ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ። ኮስሞስን ያዩበት ወገን የቱ ጋ እንደነበር ለማመልከት እጃቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ መልሰው አወረዱት። ፀሐይዋን ፈልገው ነበር፣ ምሥራቁን ከምዕራቡ ለመለየት።

አጥሩን ተደግፈን ወረቀቴን አወጣሁ። በረኛ ኢርዊን። ተከላካይ ያሩሲ፣ ስቲል፣ ዲሎን፣ ድሮጅ። አማካይ አስኪው፣ ያንሰን፣ ሂዲንክ፣ ክራይፍ። አጥቂ ዴሊዮንና ግሪን። በሂዲንክ ትንሽ አጉረመረሙ፤ ለጥቂት ወር የመጣ ሰው ነው አሉ። ልክ ናቸው፣ ግን ሂዲንክን መተው አልቻልኩም። አሠልጣኝ ብራድሊ። እሱ ላይ ምንም አላሉም።

ከዚያ የፈራሁትን ተናገርኩ። «የክለቡ የምንጊዜም ታላቅ ግን ክራይፍ አይደለም፣ አለን ግሪን ነው» አልኳቸው። ምክንያቴን ዘረዘርኩ። ክራይፍ ዓለምን ዞሮ በመንገዱ ነው ያለፈብን። ግሪን ከሱ በፊትም ነበር። አገሩ አደረገው። በ1980 ብቻ 25 ጎል።

ጋሼ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መለሱልኝ።

«25ቱን ማን አቀበለው?»